ከቤት የሚያስል ሰው አለ?

ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እትዬ አርሴማ ከቦርከና ማዶ ያለውን ሰፈር በሙሉ ትቀሰቅሳለች። እሷ ራሷ ግን ያን ጊዜ ገና ተኝታለች።

ድምፁ የሚወጣው ከየበሩ መቃን በላይ ከተሰካው፣ ከቡጢ ከማይበልጥ ነጭ ዕቃ ነው። የከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ለዕቃው ረጅም ስም አውጥቶለት ነበር፤ የኮምቦልቻ ሰው ግን «ነጋሪ» ብሎ አሳጠረው። ነጋሪው በእትዬ አርሴማ ድምፅ፣ «እንደምን አደራችሁ? ከቤት የሚያስል ሰው አለ?» ይላል። ቤተሰቡ «የለም፤ ይመስገን» ብሎ ይመልሳል። «እሰየው! ደኅና ዋሉ» ይልና በሩን ይከፍታል።

የሚያስል ካለ ማን እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይጠይቃል። የልጅ ክትባት ቀን ሲደርስ ያስታውሳል፣ ውኃ አፍሉ ይላል፣ እጃችሁን ታጠቡ ይላል። በሽታ ገብቶ ሰው ሲሞት ደግሞ የሟቹን ስም፣ የበሽታውን ስምና መደረግ ያለበትን ጧትና ማታ ያውጃል። ስም አይደብቅም። ሰውም ለምዶታል። ሰላምታ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ከሩቅ ነው፤ ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም የሚፈቀደው ለፋሲካና ለኢድ ብቻ ነው፤ የለቅሶ ድንኳን የሚያስነጥስ ሰው ሲገባበት ያፏጫል። ልጆቹ ይህ ሁሉ ከጥንት የነበረ ይመስላቸዋል።

ድምፁ የእሷ የሆነው በምርጫ ነው። ጽሕፈት ቤቱ «የምታምኑትን ሰው ድምፅ ስጡን» ሲል፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ የቅሬው ሰው በአንድ አፍ «አርሴማን» አለ። ሌላው አገር እድር የሚለውን የመቀባበሪያ ማኅበር ወሎ ቅሬ ነው የሚለው። እትዬ አርሴማ የምትተዳደረው በልብስ ስፌት ቢሆንም፣ የቅሬው አርጂ ነበረች፤ ሰው ለሞተበት መርዶ የምትነግረው እሷ ናት። ቀላል ሥራ አይደለም። መርዶ በስልክ አይነገርም። ማታም አይነገርም፤ ሰውየው የመጨረሻውን የሰላም እንቅልፍ ይተኛ። እህል ሳይቀምስ አይነገርም። ቆሞ አይነገርም፣ ብቻውንም አይነገርም። ንጋት ላይ፣ ዘመድና ጎረቤት ከቦት፣ ተቀምጦ ነው። ሰፈሩን ይህን ያስተማረችው እሷ ናት። «ክፉ ወሬ እንኳ በአርሴማ አፍ ሲመጣ ልብ አይሰነጥቅም» ይሏታል።

ጽሕፈት ቤቱ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ብዙ ነገር አስነበባት። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ያለ እሷ ይሠራል፤ ብላው የማታውቀውን ይላል። የራሷ በር ላይ ያለው ነጋሪ ሳይቀር በራሷ ድምፅ ይቀሰቅሳታል፤ እሷም ለራሷ «የለም፤ ይመስገን» ብላ ትነሣለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ታማትብ ነበር። ኋላ ተወችው።

ጎረቤቷና የቅሬው ዳኛ ጋሽ ኢምራን ግን አልተዋትም።

«አርሴማ!» ይላሉ በአጥር በኩል፣ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው። «ዛሬ ደግሞ በጧቱ ምን ነክቶሽ ነው የተቆጣሽኝ? ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ ታጠብ ትይኛለሽ! ሚስቴ እንኳ እንዲህ ደፍራኝ አታውቅ።»

«እኔ አይደለሁም ጋሼ። ድምፄ ነው።»

«ታዲያ ድምፅሽን ምከሪው!»

«ምክር የሚሰማ ቢሆንማ እርስዎን ትቼ እሱን እመክር ነበር።»

ይስቃሉ። «እኔ አይደለሁም፤ ድምፄ ነው» የሚለው የሰፈሩ ቀልድ ሆነ። ያጠፋ ልጅ ሳይቀር እናቱን «እኔ አይደለሁም፤ ድምፄ ነው» ይላት ጀመር።

አርሴማ አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ የሻረግ ትባላለች። አርሴማ ልጅ ሳለች እንዲህ ያለው ስም የቅድመ አያት ስም ነበር፤ በኋላ እንደገና ተወደደና እነ የሻረግ፣ እነ ዘውዲቱ ሰፈሩን ሞሉት። የሻረግ ከባሏ ጋር ዓመታት ጠብቃ፣ ተስለው፣ ተማጥነው፣ በሐምሌ መጨረሻ ሴት ልጅ ወለደች። ባሏ ሰመራ ነው የሚሠራው፤ በወር አንዴ ይመጣል። ስለዚህ አርሴማ ጧት ጧት እየሄደች ታርሳታለች፣ ሕፃኗን ታጥባለች፣ ሥራዋ ሲደርስ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እስክትነሣ ስም የላትም። «እንግዳዋ» ነው የሚሏት። «እንግዳዋ ነቃች? እንግዳዋ ጠባች?»

አንድ ጧት የሻረግ ደወለች።

«እማ፣ በሩ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? የእንግዳዋ ክትባት ደርሷል አለኝ። ጤና ጣቢያ መምጣት ካልቻልሽ ባለሙያዋ ቤትሽ ድረስ ትምጣ ወይ አለኝ። ምን ልበለው?»

አርሴማ መርፌ ላይ ክር እያስገባች ነበር። ክትባት አትጠላም። ልጇን አስከትባ ነው ያሳደገችው፤ ራሷም ክንዷን በየዓመቱ ትሰጣለች። የፈራችው ዓይን ነው። የስንት ዓመት ልመና የወለደውን ልጅ፣ ገና ሳይጠመቅ፣ ገና መልአክ ሳይቆምለት፣ ባዳ ገብቶ ገልጦ ሲያየው ታያት።

«ሰማንያዋ ይሙላ» አለች። «ከሰማንያ በፊት ባዳ ዓይን አያርፍባትም። ከክርስትናዋ ማግሥት እኔው ራሴ አዝያት እሄዳለሁ።»

«ቀኑ አይለፍ ነው የሚለው እኮ። አንቺው ነሽ የምትዪኝ!» የሻረግ ሳቀች። «በጧት ቀኑን አታሳልፊ ትዪኛለሽ፣ አሁን ደግሞ ይሙላ ትዪኛለሽ። የትኛዋን እናቴን ልስማ?»

«እሱ በር ነው። እኔ አይደለሁም፤ ድምፄ ነው። እናትሽ እኔ ነኝ።»

«እሺ በቃ፣ አንቺን» አለች የሻረግ።

መስከረም ሲጋመስ አርሴማ ወደ ግሸን ማርያም ለመውጣት ተነሣች። ስለቷ ነበር፤ ልጄ ብትወልድ በዓልሽን አድሬ አነግሣለሁ ብላ ነበር። የምትሄድበት ጧት ነጋሪዋ ከወትሮው ረዘም አድርጎ ተናገረ። «በላይኛው ሰፈር ትክትክ ታይቷል። ትክትክ ለትልቅ ሰው ሳል ነው፤ ለጨቅላ ግን ትንፋሽ ይነሣል። ያልተከተበ ሕፃን ያላችሁ ዛሬውኑ አስከትቡ። ከቤት የሚያስል ሰው አለ?» አርሴማ የጫማዋን ማሰሪያ እየሳበች፣ ስንቋን ረስታ እንዳትሄድ እያሰበች፣ «የለም፤ ይመስገን» አለች።

መኪናው ጋ የነፍስ አባቷ አባ ናትናኤል ሊባርኳት ቆመው አገኘቻቸው።

«አራሷ እንደምን ናት? ሕፃኗስ ተከተበች?»

«ሰማንያዋ ይሙላ ብዬ ነው አባ።»

«አሃ፣ አዲስ ቀኖና አወጣሽልን?» አሉ መስቀሉን እያሳለሟት። «ከሰማንያ በፊት ቤተ መቅደስ አትግባ አልን እንጂ መርፌ አትወጋ ያለ ማን ነው? እኔስ አላዘዝኩሽም።»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። አርሴማ ስትመለስ ጉዳዩን አንሥታ ልትጨርሰው፣ ፈገግ ብላ ገባች።

ግሸን ላይ ድምፅ የሚይዝም የሚያወጣም ዕቃ አይወጣም፤ ሁሉም ስልኩን ከተራራው ሥር ለጠባቂ ሰጥቶ ነው የሚወጣው። አርሴማ ከስንት ዓመት በኋላ ድምፅዋን ሳትሰማ አደረች። ጧት የቀሰቀሳት ደወል ነው። እንዴት ደስ እንዳላት! ስትጸልይ ሁሉንም በየስማቸው ጠራች። ሕፃኗ ጋ ስትደርስ ስም አጣችላት፤ «እንግዳዬንም ጠብቂያት» አለች።

በዓሉ አልፎ ከተራራው ስትወርድ ስልክ ጠባቂው አጠገብ ጎረቤቷ ሀያት ቆማለች። ሀያትና አርሴማ አብሮ አደግ ናቸው።

«አንቺ! ምን እግር ጣለሽ?»

«ውጫሌ ዕቃ ላደርስ መጥቼ… ሰው መኪናውን ሰጥቶኝ፣ አርሴማን ይዣት ልግባ ብዬ።» ሀያት የምታየው የአርሴማን ጫማ ነው። «ስልክሽን ተቀብዬልሻለሁ። ሞቷል፤ ቤት ስትደርሺ ትሰኪዋለሽ።» አሁንም ጫማዋን እያየች ጨመረች፤ «እህል ቀምሰሻል?»

አርሴማ ዘንቢሏን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

ስልኩን ውሰዱበት። እህል አቅምሱት። ከዓይኑ አትራቁ፤ ዓይኑን ግን አትዩት። ይህን ሁሉ ሀያትን ያስተማረቻት ማን ሆነና? የሟች ቤተሰብ ከሩቅ አገር ሲመጣ ስንቱን አብረው እየዋሹ አምጥተዋል። ሀያት ድሮም ውሸት አትችልበትም ነበር፤ አርሴማ ናት ዘወትር የምትሸፍንላት።

«አልቀመስኩም» አለች።

ሐይቅ ዳር ቆመው ሀያት ዳቦና ሻይ አዘዘች። አርሴማ በላች። ዳቦውን በሻይ አወረደችው። ብትጠይቅ ሀያት መዋሸት አትችልም፤ መንገድ ላይ ሁለቱም ይወድቃሉ። ሥርዓቱ ደግሞ የራሷ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ሳትጠይቅ፣ መኪናው ውስጥ በመስኮት ሜዳውን እያየች፣ የሚሞትባትን ሰው በልቧ ትፈልግ ጀመር። ፍለጋው ሩቅ አልወሰዳትም። በዓለም ላይ ያሏት ሁለት ናቸው። «የትኛዋን?» እያለች ደሴን አለፈች። አንዷን ላለማለት ሌላዋን ማለት ሆነባትና፣ እሱንም መጸለይ አቃታት።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሰፈራቸው ደረሱ። መጀመሪያ ያየችው አንድ ነጠላ ነው። ከአንድ በር መቃን በላይ ነጋሪው ላይ ተጠምጥሟል። ቀጥሎ ያለው በር ላይ ሻሽ። ከዚያ ፎጣ። ከዚያ ሽርጥ፣ የሕፃን ብርድ ልብስ፣ የተቀደደ ጋቢ። መንገዱ ግራና ቀኙ በሙሉ አፉን ታስሯል። ነጋሪን መሸፈን ያስጠይቃል፤ ሰፈሩ ግን እስከ ነገ ንጋት ድረስ፣ እሷ ተቀምጣ በሰው አፍ እስክትረዳ ድረስ፣ መርዶዋን ከገዛ ድምፅዋ እንዳትሰማ ብሎ አንድ ላይ ለመጠየቅ ወስኗል።

«አቁሚ» አለቻት ሀያትን። «እግሬ ደንዝዟል። ትንሽ ልራመድ።»

ዘውዲቱ የምትባል ወጣት እናት በራፏ ላይ ጨቅላ ልጇን ታቅፋ ቆማለች። አርሴማን ስታይ ደነገጠች።

«እ… እንኳን ደኅና ገቡ፣ እትዬ።»

«እንኳን ደኅና ቆየሽኝ። ልጅሽ አደገ እኮ! ተከተበ?»

ዘውዲቱ ወደ ተሸፈነው ነጋሪ ቀና ብላ አየች። «ቀኑን የሚነግረን እሱ ነበር። ከትናንት ጀምሮ…» አለችና ቃሏን ዋጠች።

ከቤቱ ውስጥ ልጅ ሳለ። ሳለ፣ ሳለ፣ ሳለ፤ መጨረሻ ላይ ትንፋሹን ሲስብ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ አወጣ።

«ማን ነው?»

«ትልቁ ነው። ብርድ ነው መሰለኝ። ጧት… ጧት ማንም አልጠየቀንም፤ በሩን በእጃችን ከፍተን ወጣን።»

አርሴማ ጨቅላውን አየችው። አፉን እንደ ወፍ ከፈት አድርጎ ተኝቷል። ለእሷ ተብሎ፣ እሷን ላለማስደንገጥ ተብሎ፣ ይህ ልጅ ከሚያስል ልጅ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አድሯል። እጇን ወደ መቃኑ ሰደደች።

«አርሴማ ተዪ!» ሀያት ከኋላዋ ሮጣ ደረሰች። «ስለ አላህ! መጀመሪያ ተቀመጪ! ሳትቀመጪ አይሆንም!»

«ቆሜ እሰማለሁ» አለችና ነጋሪው ላይ የታሰረውን ሽርጥ ሳበችው።

ነጋሪው ከትናንት ጀምሮ በጨርቅ ታፍኖ፣ ሰው ሳይሰማው፣ የሚለውን ማለቱን አላቋረጠም ነበር። ድምፁ ጠራ። ረጋ ያለ፣ ልብ የማይሰነጥቅ፣ የእሷ ድምፅ ነው።

«…የሰፈራችን ሕፃን ወለተ ሰንበት በትክትክ አርፋለች። ክትባቷን አላገኘችም ነበር። እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር። ጨቅላ ያላችሁ፣ ከቤት የሚያስል ያላችሁ፣ አትጠብቁ። ዛሬውኑ…»

ይህን ስም በአፏ ጠርታው አታውቅም።

«ወለተ ሰንበት ማን ናት?» አለች አርሴማ። እያወቀች ነው የጠየቀችው።

ሀያት ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «አባ ናትናኤል ጣቢያው ድረስ መጥተው… ከማረፏ በፊት አጠመቋት። ስም ይዛ ነው የሄደች፣ አርሴማዬ። ስም ይዛ ነው።»

አርሴማ መቃኑን ይዛ ቆየች። አልተቀመጠችም። ከዚያ ወደ ዘውዲቱ ዞረች።

«ሰማሽ? አሁን የምነግርሽ እኔ ነኝ። ይኸው አፌ ሲንቀሳቀስ እዪው። በር አይደለሁም። ሁለቱንም ይዘሻቸው አሁኑኑ ጣቢያ ሂጂ፤ ነጠላሽን እንኳ አትፈልጊ።»

ዘውዲቱ ወደ ውስጥ ገብታ፣ ትልቁን በእጇ ትንሹን በክንዷ አድርጋ ወጣች።

የሻረግ ቤት ከዚያ ሩቅ አይደለም። አርሴማ በመንገዷ ያለውን ጨርቅ ሁሉ እያወረደች ሄደች። አንድ በር ባለፈች ቁጥር ከኋላዋ አንድ ድምፅ ይጨመራል። ወለተ ሰንበት። ወለተ ሰንበት። የልጅ ልጇ ስም ከዚህም ከዚያም በገዛ ድምፅዋ እየተጠራ፣ ነጠላዋ እየተጎተተ ድንኳኑ ጋ ደረሰች። ጋሽ ኢምራን ኮፍያቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆመው ነበር። እጇ ላይ ከበር የወረደ ጋቢ አዩ።

«በደልንሽ ወይ፣ አርሴማ? ለአንዲት ቀን ብለን ነው።»

«እኔም ብሆን እሸፍን ነበር፣ ጋሼ» አለቻቸው።

የሻረግ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ጡቷን በሻሽ ጥብቅ አድርገው አስረውላታል፤ ወተቱ ግን ቀሚሷን አርሶታል። እናቷን ስታይ አልጮኸችም።

«መጣሽ?»

«መጣሁ፣ ልጄ።»

«አሁን የምታናግሪኝ አንቺ ነሽ?»

አርሴማ አጠገቧ ተንበረከከች። ለስንቱ ሰው ስንት ቃል ነበራት።

«እኔ ነኝ።»

«ሳሉ ሲጀምራት ነጋሪው ሰማት» አለች የሻረግ፣ ለሌላ ሰው እንደምታወራ ሁሉ በቀስታ። «ውሰጃት አለኝ። ደግሞ ውሰጃት አለኝ። ‘አትጠብቂ፣ ልጅቷን አንሥተሽ ውጪ’ አለኝ፣ ልክ አንቺ ስትቆጪ እንደምታደርጊው አድርጎ። እኔ ደግሞ፣ እሷ አይደለችም አልኩ። ሰማንያው ይሙላ ያለችኝ እናቴ ናት፤ ይኼ በር ነው አልኩ። ደወልኩልሽ። ደወልኩልሽ። አታነሺም። ነገ ትመጣለች፣ ራሷ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅሁሽ። ከንፈሯ ሲጠቁር ነው ሮጬ የወጣሁት።» እናቷን ቀና ብላ አየቻት። «እማ፣ አንቺ ነበርሽ እኮ ውሰጃት ያልሽኝ። አንቺን አጥቼ አንቺን ጠበቅሁ።»

አርሴማ ልጇን አቀፈቻት። የተፈቀደ ቀን አልነበረም፤ ጉንጯን ጉንጯ ላይ አድርጋ ቆየች። ድንኳኑም አላፏጨም። ሰው ሁሉ ጎንበስ አለ።

በማግሥቱ ማልዶ፣ ሰማዩ ገና ሲገረጣ፣ ለቀስተኛው ተኝቶ ሳለ አርሴማ ነቃች። ጊዜው እየደረሰ ነው። ነጠላዋን አጣጥፋ ተነሣችና፣ ወደ በሩ ሄዳ እጇን ወደ ነጋሪው ዘረጋች። ለዚህ ቤት ብቻ፣ ለዚህ ጧት ብቻ።

«ተዪው» አለች የሻረግ ከፍራሹ ላይ። ጭራሽ አልተኛችም ነበር። «አትሸፍኚው። እሱ እውነቱን ነግሮኝ ነበር።»

አርሴማ እጇን አወረደች። ነጠላዋን እንደያዘች መቃኑ ሥር ቆመች።

«እንደምን አደራችሁ?» አለ ድምፅዋ ከራሷ በላይ። «ከቤት የሚያስል ሰው አለ?»

መልስ ይጠብቃል። ሁልጊዜም ይጠብቃል።

«የለም» አለች የሻረግ። የቀረውን ቃል አላለችውም። አርሴማም ልትልላት ከንፈሯን አላቀቀች፤ ትንፋሽ እንጂ ድምፅ አልወጣትም።

«እሰየው!» አለ ድምፅዋ። «ደኅና ዋሉ።»

በሩም ተከፈተ።